ከሁሉ ጋር የምትጠቀሰው ዘረመል

ግራና ያለው የአባቴ የማሽላ ማሳ አቀንጭራ ወርሶታል። ይህ የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚያደርቅ አረም አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ሰው ያምራል ይለዋል፣ እኔ ሳየው ደሜ ይፈላል። አባቴ ዘንድሮ «ከማሽላ ጋር ተለያይተናል» ብሎ ቆርጧል። እኔ ደግሞ ወልድያ የምማረው ስለዚሁ ጉድ ነው፤ አቀንጭራን ለመቋቋም አብረው የሚሠሩ ሁለት ዘረመሎች ማግኘት ነበረብኝ። አማካሪዬ ለሙከራ የፈቀደልኝ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ከሳትኩ ዓመቱ በከንቱ ሄደ ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። አብረው የሚጠቀሱ አብረው ይሠራሉ ብዬ፣ ስለ ማሽላ የተጻፉ ጥናቶችን በኮምፒውተር እየፈተሽኩ፣ የትኞቹ ሁለት ዘረመሎች አብረው በብዛት እንደሚጠቀሱ ቆጠርኩ። አንዲት ታዋቂ ዘረመል ከሁሉም ጋር ወጣች። አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ እሷ፣ ሦስተኛም እሷው! እሷ ያለችበትን አንደኛውን ጥንድ ልመርጥ ወሰንኩ።

ወደ ግራና ስሄድ መርሳ ላይ ወርጄ የከብት ደላላ የሆነውን አጎቴን ልጠይቅ ገበያ ገባሁ። የአንድ ሽማግሌ እጅ ጭብጥ አድርጎ ይዞ በጆሯቸው ያንሾካሹካል። ዘመድ መሰሉኝና ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

«እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

አጎቴ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ተይ አንቺ! እጃቸውን የያዝኩት በሬውን እንዲገዙኝ ነው። ዛሬ ገና ነው የተያየነው!»

ሽማግሌው «ግድ የለም፣ አላህ ያሳድግሽ» ብለው መረቁኝ። እኔ አፍሬ መግቢያ አጣሁ።

የግራናው መኪና ከተነሳ በኋላ ነው የበራልኝ። አጎቴ ከማን ጋር ያልታየ አለ? ሥራው ነው! ያቺም ዘረመል ስሟ በየቦታው ስለሚነሳ ከማንም ጋር መታየቷ አይቀርም። መለካት የነበረብኝ፣ ሁለቱ አብረው የተጠቀሱበት ብዛት እንዲያው በአጋጣሚ ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደሚበልጥ ነበር። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴን ሳላይ ወደ ወልድያ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ሳስተካክለው ደግሞ በአንድ ጥናት ብቻ አንዴ አብረው የተጠቀሱት ከላይ ወጡ። ከአንድ አውቶቡስ የወረዱትን ሁሉ ባልና ሚስት ማለት ሆነብኝ። እነሱንም ዝቅ አደረግኳቸው። ያኔ አንድ ጥንድ ብቅ አለ፤ ብዙም አይነሱም፣ አንዷ ስትነሳ ግን ሌላዋ አትቀርም።

«እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?» አለኝ አማካሪዬ።

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኳቸው፤ አብረው የሚነሱት በዝና አይደለም!» አልኩት፣ ቢሮው መሆኑን ረስቼ።

የአቀንጭራ ዘር የተቀላቀለበት አፈር በየማሰሮው ሞልተን፣ ሁለቱን ዘረመሎች የያዘና ያልያዘ ማሽላ ለየብቻ ዘራን። ከወራት በኋላ ሌሎቹ ማሰሮዎች በአረሙ አበባ ወይን ጠጅ ለበሱ። ሁለቱንም ዘረመሎች የያዘው ማሽላ ባለበት ግን አረሙ እዚህም እዚያም ብቻ ነበር። ብቻዬን ቆሜ እልል አልኩ!

ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት።

«ለእኛ ማሳ መቼ ይደርሳል?» አለኝ።

ልዋሸው አማረኝ። «ገና ነው፣ አባ። ደጋግመን መሞከር አለብን፤ ዓመታት ይፈጃል።»

«እንግዲያ ማሽላውን አልተወውም» አለኝ፤ «እጠብቅሻለሁ።»