የጋሽ ዘውገ ባዶ ሰገባ

በቢቸና ክሊኒክ ለብዙ ዓመታት ድሬሰር ሆነው ቁስል በማጠብና በማሸግ ያገለገሉት አቶ ዘውገ ወልደ ሰንበት ከአጭር ሕመም በኋላ ባለፈው ወር ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው በቢቸና ተፈጽሟል። ዜናው ላልደረሳችሁ ወዳጆቻቸው ይህ መርዶ ነው፤ እግዜር ያጽናችሁ። ለቅሶው ላይ ተገኝታችሁ በእኔ ቅር ተሰኝታችሁ የተመለሳችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጎራዴያችሁን ከወገባችሁ ፈትታችሁ «ይኼን ይዘህ አልቅስላቸው» ስትሉኝ እንቢ ብዬ፣ ባዶ ሰገባ ታቅፌ የቆምኩት ሰው እኔ ነኝ። ያን ቀን ምክንያቱን መናገር አልቻልኩም። ዛሬ ግን እችላለሁ።

በቢቸና ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ጋሽ ዘውገ ከመንዝ፣ እኔ ከደሴ ተመድበን መጥተን በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖረናል። ሽሮአቸው ሲደርስ ግድግዳውን ያንኳኩልኛል፤ የእኔ ሲደርስ እኔ አንኳኳለሁ። በጾም ወራት ገበታችን አንድ ነበር። በዓል ሲመጣ ግን እሳቸው ክርስቲያን እኔ እስላም ነንና ሥጋው ይለየን ነበር። ለፋሲካ ከግድግዳው ማዶ ብቻቸውን ሲፈስኩ ይሰማኝ ነበር። የሚጠራቸው ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ከተማው በሙሉ ይወዳቸው ስለነበር እያንዳንዱ ቤት «ዛሬማ ሌላው ወስዷቸዋል» እያለ ይተዋቸው ነበር። እሳቸውም ሰው እንዳያፍር ብለው በራቸውን ዘግተው ይውላሉ። በእኔም በዓል እንዲሁ ነበር፤ እኔ እበላለሁ፣ እሳቸው በግድግዳው በኩል «እንኳን አደረሰህ» ይሉኛል።

ስለ አሮጌ ብረት ደንታ የለኝም፤ ይህንን እሳቸውም ያውቁ ነበር። ሆኖም በየቤቱ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ የምናየው ጎራዴ አብዛኛው ብረቱ ከአውሮጳ የመጣ መሆኑን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። እጀታው የእኛ ቀንድ፣ ሰገባውም የእኛ ቆዳ ይሆናል፤ ስለቱን ግን ቀድሞ አንድ የፈረንሳይ ፈረሰኛ ወይም የጀርመን መኮንን ታጥቆት ነበር። ጋሽ ዘውገ ሕመምተኛ ለማየት ወደ ሰው ቤት ሲጠሩ ቁስሉን አጥበው፣ አሽገው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ «እስቲ ያን ጎራዴ አውርዱልኝ» ይላሉ። በጨርቅ ጫፍ ጥቂት ዘይት ነክረው ከእጀታው ሥር ያለውን ዝገት ቀስ ብለው ይጠርጋሉ። የፈረንሳይ ከሆነ በጀርባው ላይ የተሠራበት ከተማ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት ተቀርጾ ይገኛል። የጀርመን ከሆነ የሠሪው ምልክት ከእጀታው አጠገብ ይታያል። አንበሳና የንጉሥ ስም ደምቆ የተሣለበት ደግሞ ለእኛ ገበያ ተብሎ የተሠራ ነው። ይህን ሁሉ ማታ ማታ ሲያወጉኝ እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። አለመስማቴን እያዩም ወሬያቸውን አያቋርጡም ነበር።

አንድ ጊዜ ቀይ ካባ የለበሱ ሽማግሌ ባላባት አንድ አጭር ጎራዴ ይዘው ወደ ግቢያችን መጡ። ታላቅ ወንድማቸው በጠላት ጊዜ ከጣሊያን ጄኔራል የማረኩት እየተባለ በየግብሩ የሚፎከርለት ጎራዴ ነው። ጋሽ ዘውገ ጎራዴውን አገላብጠው አዩና ወደ ሰገባው መለሱት።

«ምነው ሐኪም? የጄኔራል አይደለም ወይ?» አሉ ሽማግሌው።

«የጄኔራል አይደለም አባቴ። ይህንን የሚታጠቁት የሙዚቃ ሰዎች ናቸው። መለከት የሚነፋ ወታደር ነው።»

«መለከት ነፊ! ይኼን ሁሉ ዘመን ለመለከት ነፊ ነው እንዴ የሸለልነው?»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝና ፊቴን አዞርኩ። ጋሽ ዘውገ ግን ፈገግም አላሉ። «አባቴ፣ ያ ሰው መለከቱን ነፍቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ጠላት ከእንቅልፉ ይነሳ ነበር?» አሏቸው። ሽማግሌው «ወንድሜ እኮ ብልህ ነበር» ብለው ጎራዴያቸውን ታጥቀው ወጡ። ከዚያ በኋላ በየግብሩ የሚፎከረው ስለ መለከት ነፊው ሆነ። ጋሽ ዘውገ ውሸት ተናግረው አያውቁም፤ እውነትን ሲናገሩ ግን ሰውየው ይዞት የሚሄደው ነገር ይፈልጉለት ነበር።

ባለቤቶቹ የጠሉትን ጎራዴ፣ ማጭድ ሊሆን ቀጥቃጭ እጅ የገባውን ሳይቀር እየለመኑ ይሰበስባሉ። የክፍላቸው ግድግዳ በጎራዴ ተሸፍኖ ነበር። ይሁን እንጂ በዚህ አገር ሰው ሲሞት የታጠቀው ጎራዴ ከፍ ተደርጎ ተይዞ ነው የሚለቀስለት። ስለዚህ አባት ሲሞት ልጆች ወደ ግቢያችን ይመጣሉ። «ሐኪም፣ የአባታችንን ጎራዴ ለዛሬ ያውሱን» ይላሉ። ጋሽ ዘውገ ስለቱን ወልውለው ይሰጧቸዋል፤ አብረው ሄደውም ከለቅሶው ዳር ይቆማሉ። «ጎራዴዎ እንዳይጠፋ ነው የሚጠብቁት?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«አይደለም» አሉ። «ልጅ ለአባቱ እንዴት እንደሚያለቅስ ነው የማየው።»

ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም ነበር። በአልጋቸው ራስጌ ጎራዴ የሌለው አንድ የብረት ሰገባ ለብቻው ተሰቅሎ አያለሁ፤ ጠይቄያቸውም አላውቅም ነበር። አንድ የክረምት ቀን ራሳቸው ነገሩኝ። አባታቸው ጠላት ሲገባ ከጎጃም ጦር ጋር ተሰልፈው ወደ ሽሬ ዘምተው እዚያው ወደቁ። የአገራቸው ሰው የሆነ ጓደኛቸው ሬሳቸውን ሲያገኝ ሰገባው በወገባቸው ላይ ነበር፤ ጎራዴው ግን የለም። ሰገባውን ፈትቶ መንዝ ድረስ ለእናታቸው አመጣና «ጎራዴውን አንድ የጎጃም ሰው አንስቶት ወደ ተከዜ ሲወርድ አይቻለሁ» አላቸው። ጋሽ ዘውገ ገና ልጅ ነበሩ። አባታቸው የተለቀሱት በባዶ ሰገባ ነበር።

በሰገባው አፍ ላይ አንድ ፊደልና ሦስት አሃዝ ተመትቶበታል። ፈረንሳዮች በወታደሩ ጎራዴና ሰገባ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመቱ እንደነበር ጋሽ ዘውገ ያወቁት አድገው፣ አዲስ አበባ ከተማሩ በኋላ ነው። ሹማምንቱ አዲስ አበባ ይቅሩ ሲሏቸው ወደ ጎጃም ልመደብ ብለው የለመኑትም ለዚህ ነበር። በየቤቱ ከእጀታ ሥር ዝገት ሲጠርጉ የኖሩት ያን ቁጥር ፍለጋ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋሽ ዘውገ ያከሟቸው አንድ ሽማግሌ አርበኛ ሞጣ ውስጥ ዐረፉ። ስማቸውን አልጽፍም። እኔም ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር አብሬያቸው በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። ራቅ ወዳለ አገር ሲሄዱ እንደሚያደርጉት ሰገባውን በአቡጀዲ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የሟቹ የበኩር ልጅ መጣና የአባቱን ጎራዴ በጭናቸው ላይ አኖረላቸው።

«ሐኪም፣ እስቲ ይዩልን። አባባ የየት አገር ብረት እንደሆነ ሳያውቅ ሞተ» አላቸው።

ጋሽ ዘውገ ከእጀታው ሥር በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እጃቸው ቀጥ አለ። አጠገባቸው ስለነበርኩ እኔም አነበብኩት። ደንታ የለኝም ብልም ቁጥሩን በየቀኑ ሳየው ኖሬያለሁ። ያው ፊደል፣ ያው ሦስት አሃዝ ነበር። የተጠቀለለው ሰገባ በእግሮቻቸው መካከል ተቀምጧል።

የሟቹ ሚስት ከወዲያ በኩል ተጠግተው ተቀመጡ። «እሱን ጎራዴ ከሽሬ ነው ያመጣው፣ ልጄ» አሏቸው። «የሱ ተሰብሮበት ከወደቀ ሰው እጅ አነሳው። እስቲሞት ድረስ ያን ሰው ሲያነሳው ነበር። ሰገባውንም አብረህ ባመጣኸው ስለው፣ ከሞተ ሰው ወገብ ላይ መፍታት ነውር መሰለኝ፣ በሰገባው ይታወቅ ብዬ ተውኩት ይለኛል። ይኸው የቆዳ አሰፋለት።»

«ስሙን ያውቁት ነበር?» አሉ ጋሽ ዘውገ።

«ኧረ ከየት አውቆት! የሸዋ ሰው ነው ይል ነበር እንጂ። ጸሎት ባደረሰ ቁጥር ግን አንተ የምታውቀው ያ ሰው እያለ ነፍስ ይማር ይልለት ነበር።»

ልጁ መልሱን እየጠበቀ ቆሟል። ጋሽ ዘውገ ጎራዴውን በሁለት እጃቸው አንስተው ሳሙትና መለሱለት። «የፈረንሳይ ነው ልጄ። ደህና ጎራዴ ነው። ጥሩ ሰዎች ይዘውታል» አሉት። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ለሟቹ ክብር የሳሙት መሰለው።

በማግስቱ በመመለሻችን መንገድ ላይ ተቆጣኋቸው። እድሜ ልክዎን የለፉበት፣ ትዳር ሳይይዙ የቀሩበት ነገር አይደለም ወይ አልኳቸው። «ቢነግሯቸው እኮ ይሰጡዎት ነበር!»

«ይሰጡኝ ነበር» አሉ። «ያልነገርኳቸውም ለዚህ ነው። አባቱን ትናንት ከቀበረ ልጅ እጅ ልቀበል? እኔ በሰገባም ቢሆን አልቅሻለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመናቸው ያሳዝነኛል። ፍለጋው ሳለ የሚሄዱበት ነበራቸው፤ በየቤቱ የሚያንኳኩበት ምክንያት ነበራቸው። ካገኙት በኋላ ግን ያ ሁሉ ቀረ። ጎራዴዎቹን አንድ በአንድ እያወረዱ ለየባለቤቶቹ ልጆች መለሱ። «ከእንግዲህ እንዳትዋሱ» ይሏቸው ነበር። መዋስ ሲቀር የልጆቹ መምጣትም ቀረ። በግድግዳው ላይ ባዶ ምስማሮችና ያ ሰገባ ብቻ ቀሩ። ስለ ጎራዴ ማውራትም ተዉ። እኔም ፈተና እያረምኩ ያን የማልሰማውን ወሬ እናፍቅ ጀመር።

ሲታመሙ ያደሩት እኔ ዘንድ ነበር። ሳንባቸው ነው፤ ሐኪም ናቸውና እንደማይነሱ ያውቁ ነበር። «ስሞት ጎራዴ አትፈልግልኝ» አሉኝ። «ያለኝን ይዘህ ቁም።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም።

እኔም ያላቸውን ይዤ ቆምኩ። እናንተም ደግነታቸውን አስባችሁ፣ ጎራዴ ሲመልስ የኖረ ሰው በባዶ ሰገባ አይለቀስም ብላችሁ፣ ከግራም ከቀኝም ዘረጋችሁልኝ። ከተዘረጉልኝ መካከል አንዱ ያ የሞጣው ጎራዴ ነበር። ልጁ ለቅሶ ለመድረስ ከሞጣ መጥቶ ነበርና እንባውን እየጠረገ ሰጠኝ። ሰገባው በግራ እጄ ነበር፤ ጎራዴውን ተቀብዬ ላስገባው የምችልበት ቦታ ላይ ነበርኩ። «አይሆንም ወንድሜ፣ ያንተን ታጠቅ» አልኩት። ከኋላዬ አንድ ሰው «ይኼ እስላም የለቅሶ ወግ የት ያውቃል» ሲል ሰማሁ። ያን ቀን ሰገባውን አጥብቄ ታቀፍኩ። ይኸው ዛሬ መለስኩለት።

አሁን የተናገርኩት ጋሽ ዘውገን ስለከዳኋቸው አይደለም። እሳቸው የፈሩት ጎራዴውን እንዳትሰጧቸው ነበር። ዛሬ የሚቀበላችሁ ልጅም ወንድምም የላቸውም። ሞጣ ያላችሁት ቤተ ሰቦች ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ጎራዴው የእናንተ ነው። ወደ እኔ ብታመጡት ከበር እመልሳችኋለሁ። አባታችሁ ለማያውቁት ሰው ሲጸልዩ ኖረዋል፤ የሰውየው ስም ወልደ ሰንበት ነው። ከአርባቸው በኋላ በአቡጀዲ የተጠቀለለ ነገር ይዤ ደጃችሁ ብመጣ ግን እናንተም እንዳትመልሱኝ።

ጋሽ ዘውገ፣ ከግድግዳው ማዶ እስካሁን ሰው አልገባም። ሽሮው ሲደርስ እጄ ሳላስበው ግድግዳውን ያንኳኳል፤ ከዚያ ራሴን እታዘባለሁ። ሰገባውን እየወለወልኩ ነው፤ እንደዛገ አላስረክብብዎትም። አባትዎን ባገኙ ጊዜ፣ ሰገባውን ከወገባቸው መፍታት ያፈረውም ሰው እዚያው አካባቢ ይሆናልና ያስተዋውቋቸው፤ ስማቸውን እንኳ አይተዋወቁም። ከዚያ በሁለቱ መካከል ይቀመጡ። በር ዘግቶ ብቻን መፈሰክ ይበቃዎታል። እኔም ጊዜዬ ሲደርስ እመጣለሁ። እዚያ ሥጋ የሚለየን አይመስለኝምና ከገበታው ላይ ቦታ ይያዙልኝ።