ባዶ የማያድረው ክፍል

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የገንዳ ውሃ ከተማ ፀሐይ አናት ይሰነጥቃል... እኔ ደግሞ የቤት ኪራይ ሥራ ልማር ብዬ አንድ የታወቁ አከራይ ኋላ ኋላ እከተላለሁ።

እቁቤ ወጥቶልኝ ነው። ባለችኝ ባዶ ግቢ ሁለት ሦስት ክፍል ሠርቼ ላከራይ አስቤ ያማከርኩት ሰው ሁሉ «እሳቸውን ጠይቂ፣ ከአንዲት ቆርቆሮ ቤት ተነስተው ነው ግቢውን የሞሉት» አለኝ። ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ «ነይ ልጄ» ብለው በፈገግታ ተቀበሉኝ። ደስ አለኝ፣ እኔ ሞኟ!

ግቢው ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። የሰሊጥ አጨዳ ስለደረሰ ሳሉጎቹ፣ ያው የቀን ሠራተኞቹ፣ ከጎጃምም ከወሎም ወርደው አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ።

«መስኮት እንዳታወጪ» አሉኝ ግድግዳውን እየጠቆሙ። «ትርፉ ወጪ ነው።»

«በዚህ ሙቀት ጋሼ?»

«ሊተኛበት እንጂ ሊናፈስበት መጣ እንዴ?»

አንገቴን ነቅንቄ ተከተልኳቸው። የሠራበት ያውቃል ብዬ ነዋ!

ጥግ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍል ደግሞ ሳያንኳኩ በረገዷት። ለሠራተኞቹ ወጥ የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ደንግጣ ብድግ አለች። ሕፃን ልጇ ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። ሽታው... እናንተዬ፣ ሽታው! ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠቀለልኩ። አንድ እግሬን ሳስገባ ወለሉ ዱም አለ፣ ከበሮ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ምን ነበረች?»

«ሽንት ቤት ነበረች። ዝም ብላ ቦታ ከምትይዝ ብዬ እንጨት ረብርቤ ሲሚንቶ አፈሰስኩባት።»

«ጉድጓዱስ ተደፍኗል?»

«ምን ያስደፍነዋል? ማን ያየዋል?»

ሕፃኑ ከነምንጣፉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነው የተኛው! ሲሚንቶው ደግሞ መሀል ለመሀል ተሰንጥቋል።

«አንቺ ልጅ፣ አንሺው! ውጪ!» ብዬ ጮህኩ።

«ወላሂ ወዴት ልሂድ እትዬ?» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «ወለሉ ሲንቋቋ ስሰማ ወደ ጥግ አስጠጋዋለሁ...»

ይኼኔ ሰውዬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ፣ የሙያ ምስጢር ሊያካፍሉኝ። «አየሽ ልጄ፣ ተከራይ ስትመርጪ መሄጃ የሌለውን ምረጪ። እንዲህ ያለው አይጨቃጨቅም።»

ቱ! አንቱታዬ እዚያው ቀረ። «አንተ፣ ሽበትህ እንኳ አያሳፍርህም?» ብዬ ልጁን አቀፍኩ፣ እናቱን በእጄ ጎትቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ምን ብሎ ቢጮህ ጥሩ ነው? «ተከራዬን ቀምተሽ ነው የምትጀምሪው?!»

አሁን ሁለቱም እኔ ሳሎን ናቸው። ልጁ አልቃሻ ነው፣ እንቅልፍ ይነሳኛል... ይንሳኝ።

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄጄ ብጮህ «እናየዋለን» አሉኝ። ስመለስ በዚያ በር ባልፍ፣ ሁለት የጎጃም ልጆች እዚያችው ክፍል ኮተታቸውን ያስገባሉ!

«ኧረ ወንድሞቼ! ሥሩ ጉድጓድ ነው፣ ይደረመስባችኋል!»

አንደኛው ሳቀ። «አይ እትዬ፣ እኛ ደግሞ ምን ክብደት አለን?»

ሰውዬው ከሣር በተሠራው ራኩባ ጥላ ሥር ተጋድሞ እጁን አነሳልኝ። «አየሽ? የኔ ቤት ባዶ አያድርም!»

ሀብት የሚገኘው እንዲህ ከሆነ ድህነቴን ይባርክልኝ። ቀበሌ ነገም እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያም... እኔን ከማየት ጉድጓዱን ማየት እስኪቀላቸው ድረስ።

የኔን ቤት ሥራ ዛሬ አስጀምሬያለሁ። መጀመሪያ የተቆፈረው ሽንት ቤት ነው... ለሽንት።