እናቴ ቆማ ያዳመጠችው ቀልደኛ

በሃይማኖት ላይ የሚቀልድ ሰው እምነት ያጠፋል ይባላል። አያጠፋም። ይህን የሚሉት ሰዎች ወይ ቀልዱን አልሰሙትም፣ ወይ እምነታቸው ቀድሞውንም በአንዲት ቀጭን ክር የተንጠለጠለ ነው። ከወዲያኛው ወገን ሆነው ቀልደኛ ከቄስ እጅ ነፃ አወጣን የሚሉትም ከእነሱ አይሻሉም። እኔ በልጅነቴ ሦስት ዓመት ያህል፣ በየሳምንቱ እሑድ፣ ካህናትን የሚያላግጥ አንድ አየርላንዳዊ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ዛሬም ስብከት ሲረዝም ሰዓቴን አያለሁ። ሰውየው ከሁለቱም አላስጣለኝም።

ባለፈው ወር አትላንታ ዳር ባለችው ዶራቪል ውስጥ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ መጻሕፍት ስበረብር፣ ባለሱቁ ጥግ ላይ የተቀመጠ ባለ እንጨት ሣጥን ቴሌቪዥን ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር ሶኬቱን ሰካው። ሥዕሉ አልመጣም፤ የመጣው ሽታው ነው። የጋለ አቧራና የሞቀ ቫርኒሽ፣ ትንሽ ደግሞ ፀጉር ሲተኮስ የሚሸተው ዓይነት ነገር። መጽሐፉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ምክንያቱም ይህ ሽታ ለእኔ የአንድ ሰዓትና የአንድ ቤት ሽታ ነው፦ እሑድ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ የነበረው አፓርትመንታችን፣ ሁለተኛ ፎቅ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ፣ ታናሽ እህቴ ሶስና ዐሥራ አንድ። አባታችን ካርቱም ሳለን አርፎ፣ እናታችን ሁለታችንን ይዛ አትላንታ ከገባች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። መሀል ከተማ ባለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ስለነበር እጆቿ በዓመት በዓል ቀን እንኳ በረኪና በረኪና ይሸቱ ነበር። ቴሌቪዥኑን የሰጡን ስደተኛ የሚቀበሉ ደግ አሮጊቶች ናቸው፤ አንቴናው ላይ ፎይል ጠምጥመንበት፣ ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ ሶስና አጠገቡ እንድትቆም ትታዘዝ ነበር።

እናቴ ለቴሌቪዥን ያወጣችው ሕግ አጭር ነው፦ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አይከፈትም፤ እሑድ መንፈሳዊ ነገር ብቻ። መንፈሳዊ ነገር ደግሞ በዚያች ከተማ እሑድ ዕለት አይጠፋም፤ ቁልፉን ባዞርነው ቁጥር ሰባኪ ነው። ግን ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሰው የሚያልባቸው፣ የሚጮሁ፣ የሚያለቅሱ፣ ከደረታቸው ሥር የስልክ ቁጥር የሚሮጥባቸው ሰዎች ነበሩ፣ እናቴም በሆቴሉ ፎጣ እንደሚሰርቅ እንግዳ በጥርጣሬ ነበር የምታያቸው። ካህን ከረባት አያስርም ትል ነበር። አንድ እሑድ ታዲያ ቁልፉን እያዞርኩ የሕዝብ ጣቢያው ላይ ስደርስ፣ ቀይ ፀጉር ያለው፣ ረጅም ቀሚስ ለብሶ፣ እንደ ጳጳስ ቆብ ደፍቶ፣ ከአትሮንስ ኋላ የቆመ ሰው መጣ። አይጮህም፣ አያለቅስም፣ ገንዘብ ላኩ አይልም። ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው። እናቴ እዚያው ላይ ተይው አለችኝና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። እውነተኛ ካህን አገኘች።

ሰውየው ያ ቀልደኛ ነበር። ፕሮግራሙ እንግሊዝ አገር ከዓመታት በፊት ተሠርቶ እዚህ በድጋሚ የሚታይ ነው። በቤታችን ግን ስሙ ቀዩ አባ ሆኖ ቀረ፣ እኔም በዚሁ ልጥራው።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሕዝብ በየደቂቃው በሳቅ ሲፈነዳ እናቴ አልተጠራጠረችም ወይ የሚለኝ ሰው አለ። አልተጠራጠረችም። ፈረንጅ በካህኑ ቃል ሐሴት ሲያደርግ ይስቃል፣ የእነሱ እልልታ ነው ብላ ደመደመች፤ እኔም እስከ ዛሬ ይህን ድምዳሜ የሚያፈርስ ጠንካራ ክርክር አልገጠመኝም።

ችግሩ የእናቴ እንግሊዝኛ ከፎጣ፣ ከአንሶላ፣ ከሽፍትና ከኦቨርታይም አያልፍም ነበር። የመጀመሪያው እልልታ እንዳበቃ ወደ እኔ ዞራ ምን አለ አለችኝ። ቀዩ አባ ያወራው ዝናብ ላይ በአንድ ጃንጥላ ስለተጣሉ ሁለት መነኮሳይት ነበር። እውነቱን ብናገር ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፣ በሳምንት ያለችን አንዲት ግማሽ ሰዓትም ታበቃለች። ስለዚህ ሰው ያለውን ለጎረቤቱ ማካፈል አለበት አለ አልኳት። እናቴ በራሷ ንቅናቄ አጸደቀችው። እንዲህ አድርጌ ሰባኪ ሆንኩ። ሰውየው ቀልዱን ጨርሶ ሕዝቡ ስቆ እስኪያበቃ ባለችው ጊዜ ውስጥ አንድ ትምህርት መፍጠር ነበረብኝ፤ ኋላ በጽሑፍ ሥራ ያገኘኋቸው አዘጋጆች ሁሉ ያን ያህል አላጣደፉኝም። ሶስና ትራስ ነክሳ ትንቀጠቀጣለች፣ እናቴ ደግሞ ልቧ ተነክቶ የምታለቅስ መስሏት ጀርባዋን ታሻሻታለች።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ቀዩ አባ ሁለት ጣቶቹን አንሥቶ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ ሕዝቡን ይባርካል። ፌዝ ነው፣ እሱም ያውቃል፣ አዳራሹም ያውቃል። እናቴ ግን ብድግ ትላለች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ እኛንም በዓይኗ አስነሥታ፣ አንገቷን ደፍታ ቡራኬውን ትቀበላለች።

የሰውየውን ታሪክ ያነበብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የምዕራብ አየርላንድ ሰው ነው፣ ዝናብ ከማይለያት አንዲት ትንሽ ከተማ የወጣ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ። በአርጩሜ የሚያስተምሩ መነኮሳት እጅ አደገ፣ ቀብር ላይ በመሳቁ ከቅዳሴ አገልግሎት ተባረረ፣ የዳቦ መኪና ነዳ፣ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ውስጥ ሰካራም በሞላባቸው ቤቶች ቀለደ፣ ኋላም ቴሌቪዥን አገኘው። ትውልድ አገሩ ፕሮግራሙን ለጊዜው አላሳይም አለች፣ ደብዳቤ ጎረፈበት፤ እሱ ግን ስለ እግዚአብሔር አንድም ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ነገሩ በሩ ላይ ከቆሙት ካህናት ጋር ብቻ ነበር። የገዛ እናቱ በየቀኑ ቅዳሴ እየሄደች ትጸልይለት ነበር ይባላል እንጂ ፕሮግራሙን አንድም ቀን አላየችም። የእሱ እናት የነፈገችውን ክብር ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ የኔ እናት ከፈለችለት።

ነገሩ በቤታችን ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። እሑድ ጠዋት የምናስቀድሰው ከሌላ ቤተ ክርስቲያን በተለመነ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። እናቴ ባል የላት፣ ዘመድ የላት፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ማንም ሳያናግራት የምትመለስ ሴት ነበረች። አሁን ግን ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ይከቧት ጀመር፤ ቀዩ አባ በዚህ ሳምንት ምን አሉ ይሏታል፣ እሷም የእኔን ፈጠራ አሳምራ፣ ከራሷም ጨምራ ትነግራቸዋለች። አንዷ ከእህቷ ጋር የታረቀችው እኔ ኬክ እየበላሁ በፈጠርኩት ስብከት ነው። እናቴ ከኋላ ረድፍ ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ፊት መጣች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ውሸቴ የቆመው እኔን ተሸክሞ ሳይሆን እሷን ተሸክሞ ነበር፤ ሲወድቅም የምትሰበረው እሷ ናት፣ ያውም በእነዚያ ሴቶች ፊት።

ወሬው የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ጆሮ ደረሰ። አባ ተክሌ በሳምንቱ ቀናት መሀል ከተማ የአንድ ፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ሆነው ከስልክ ቤት በማትሰፋ ክፍል ውስጥ ይውሉ ነበር፤ እሑድ ካባቸውን ደርበው ይቀድሳሉ። ጸበል ሊረጩልን እንደሚመጡ ለእናቴ ነገሯት፣ ቀዩን አባም እግረ መንገዴን አየዋለሁ አሉ። 

መጡ፣ ጸበሉን ረጩ፣ የቴሌቪዥኑ አንቴና ላይ ሳይቀር ደረሰ። እናቴ ውኃና ቆሎ አቅርባ፣ አባ፣ ይቺ ልጄ ትተረጉምልዎታለች አለች፣ በኩራት። ቀዩ አባ ያን ቀን ያመጣው ቀልድ ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነበር። ጳጳስ አንድ መንደር ሊጎበኝ ይመጣል፤ የመንደሩ ሰዎች ለክብሩ የቅዱሱን ሐውልት ሰማያዊ ቀለም ይቀቡታል፤ ጳጳሱ ቀለሙ ሳይደርቅ የሐውልቱን እግር ይስምና ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ይውላል። የሚነግረው ሰው ጠፋ። ሕዝቡ ግን አዲስ ሥርዓት መስሎት በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ከንፈሩን ሰማያዊ ቀብቶ መጣ።

ያልታደልኩት ነገር ቀልዱ በትወና መሆኑ ነው። ስክሪኑን ሞልቶ ሰማያዊ ከንፈር ያለው ጳጳስ ቆሟል። እናቴ ደንግጣ ምን ሆነው ነው አለችኝ። ጾም በዝቶባቸው ነው አልኩ።

አባ ተክሌ ሳል ያዛቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ከምረው ረጅም፣ እንባ የሚያመጣ ሳል ሳሉ፤ እናቴ ውኃ ልትጨምር ሮጠች። እኔ ወለሉን እያየሁ ስለ መጾምና ስለ መጠን መስበኬን ቀጠልኩ፣ ድምፄን ግን እንደማላውቃት ሴት ድምፅ ከሩቅ እሰማው ነበር። ከዚያ መጨረሻው መጣ። ቀዩ አባ ሁለት ጣቶቹን አነሣ፣ እናቴም እንደ ልማዷ ነጠላዋን ስባ ብድግ አለች። አባ ተክሌ አይተዋት ቆዩ። ስክሪኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው እሷን። ከዚያ የሶፋውን ክንድ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየጮኸ ተነሡና አጠገቧ ቆሙ።

እንዴት አገኙት አባታችን ስትላቸው፣ መልካም ነው፣ በተለይ ትርጉሙ አሉ።

ሸኚያቸው ተባልኩ። እስከ መኪናቸው ድረስ ተከትያቸው ወረድኩ። ቁልፋቸውን ኪሳቸው ውስጥ እየፈለጉ ተናገሩኝ።

«ጾም በዝቶበት ነው አልሽ?»

አዎ ብዬ ጫማዬን አየሁ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ እዚያ የፓርኪንጉ ሣጥን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ነው የማዳምጠው። አፌ ላይ አልመጣ አለኝ እንጂ እንግሊዝኛው ይገባኛል።»

«ለእማዬ ይነግሯታል?»

«መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ። እናትሽ ውኃ ስታመጣልኝ መጨረሻው አመለጠኝ። ጳጳሱ ሕዝቡን ሲያይ ምን አለ?»

ነገርኳቸው። ጳጳሱ የሕዝቡ ሁሉ ከንፈር ሰማያዊ ሆኖ ሲያይ በድንጋጤ ወደ መስታወት ይሮጣል፣ ራሱንም አይቶ፣ ይኸው፣ በሽታቸውን አጋቡብኝ ይላል። አባ ተክሌ የመኪናቸውን ጣሪያ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የምድር ቤቱን ምእመናን አንድ በአንድ የሚያስታውሱ ይመስሉ ነበር። በሕይወቴ እንዲያ የቀለለኝ ቀን የለም፤ ከእግሬ ሥር የግቢው አስፋልት ለስላሳ ሆኖ ተሰማኝ። ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠረጉና ካህን ሆኑ።

«ለሳቁ ቀኖና የለኝም፣ እኔም ስቄያለሁ። ለውሸቱ አርባ ስግደት። ለእናትሽ እኔ አልነግራትም፤ አንድ ቀን አንቺ ትነግሪያታለሽ።»

«ትናደዳለች አባ።»

«ትናደድ።» ሞተሩን አስነሥተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ስብከቶችሽ ግን አይከፉም። ሁለቱን ከሴቶቹ ሰምቼ ሰብኬባቸዋለሁ።»

ስግደቱን በዚያው ሳምንት ጨረስኩ። መንገሩን ግን፣ ቀን ስላልቆረጡልኝ፣ ሃያ ዓመት ያህል አቆየሁት። አባ ተክሌ አረፉ፣ አፓርትመንቱ ፈርሶ ሌላ ተሠራበት፣ ጣቢያውም ፕሮግራሙን ካቆመ ቆየ። ቀዩ አባም በፈቃዱ መድረኩን ትቶ ጓሮው ውስጥ አትክልት ሲያበቅል ኖሮ በእንቅልፉ መሞቱን ጋዜጣ ጥግ ላይ አነበብኩ። ያን ቀን ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኬኔሶ ወዳለው ሶስና ቤት ሄጄ፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ሶፋ ላይ እግሯን ዘርግታ ለተቀመጠችው እናቴ ሁሉንም ነገርኳት።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ ታዲያ ያ ሁሉ መቆሜስ የሚል ነበር። አባ ተክሌም ከአንቺ ጋር ቆመዋል አልኳት፤ በዚህ ትንሽ ተጽናናች። ከዚያ የጳጳሱን ቀልድ ንገሪኝ አለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተረጎምኩላት። ሳቀች። አፏን ሸፍና፣ ከዚያ መሸፈኑን ረስታ፣ እኔ በልጅነቴ አይቼው የማላውቀውን የኋላ ጥርሷን እያሳየች ሳቀች። እኔም ቀለለኝ፣ ይኸው አለቀ ብዬ። ሳቋ ግን መሀል ላይ ቆመ።

«ያን ሁሉ እሑድ» አለች፣ «አጠገቤ ተቀምጣችሁ ለብቻችሁ ሳቃችሁ?»

በካህን ስለተቀለደ አልተቆጣችም። ስለተዋሸችም አይደለም። ከዚያ በኋላ በኖረችባቸው ሁለት ዓመታት ባገኘኋት ቁጥር ሌላ አምጪ ትለኝ ነበር፣ እኔም የማስታውሰውን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ሃያ ያህል ይሆናሉ። የቀሩት ጠፍተውብኛል። የራሴን ስብከቶች ዛሬም በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ እሷ ልትስቅባቸው ይገቡ የነበሩትን ቀልዶች ግን አላስታውስም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉልኝ። እናንተ ስትስቁ ቋንቋው ሳይገባው ፊታችሁን እያየ የሚቀመጥ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ቀልዱን ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ ተርጉሙለት። ነገ አይደለም፤ ሳቃችሁ ሳያበቃ።