ለስድስት ሰው የሚበቃ መሬት

ልጄ የገባችበት ዩኒቨርሲቲ ምሥራቅ ጠረፍ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ ከዚህ በላይ ልራቅ ብትል ባሕር ውስጥ ትገባ ነበር። ዜናውን የሰማን ቀን "ምን ልግዛልሽ?" አልኳት።

"ምንም። ከመሄዴ በፊት አንድ ሁለት ቀን ካምፕ እናድርግ፣ ማሚ። እነዚያ ትልልቅ ዛፎች ያሉበት ፓርክ። አንቺና እኔ ብቻ።"

እኔ የሰው አዛውንት ሳስታምምና ፍሪዌይ ላይ ተገትሬ ስውል ያደገች ልጅ ናት። ሁለት ቀን ብትጠይቀኝ አይበዛባትም። እሺ አልኩ፤ መሬት ላይ መተኛት ምን ችግር አለው ብዬ።

ባደግኩበት አገር ለንግሥ የሄደ ሰው ደብሩ ሲደርስ ነጠላውን አንጥፎ ይተኛል፤ "ቡክ አድርገሃል ወይ?" የሚለው የለም። እዚህ መሬቱም ቀጠሮ አለው። የበጋውን ቦታ የሚከፍቱት ከወራት በፊት፣ በፈረንጅ ሰዓት ልክ ጠዋት ሰባት ላይ ነው። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የማስታምማቸው አሮጊት ቤት ከመግባቴ በፊት ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ አማትቤ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ስልኬ ላይ "ቡክ" የሚለውን ተጫንኩት። ዌብሳይቱ በቅድሚያ ሮቦት አለመሆኔን ላረጋግጥለት ፈለገ፤ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጪ አለኝ። እኔ ጥንቁቅ ሴት ነኝ፤ ምሰሶው ከመብራቱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም ብዬ አሰብኩበት። ሰው መሆኔን አስመስክሬ ስጨርስ ቦታው አልቋል። የወሰዱት ሮቦቶቹ ናቸው ይላሉ። እነሱን ማን እንደፈተናቸው እንጃ።

ለሌላ ሳምንት ሞከርኩ፣ ለሌላ ፓርክ ሞከርኩ፣ በልጄም ስልክ ሞከርኩ። ስለት ለመሳል አስቤም ነበር፤ ግን እመቤታችንን "ድንኳን መትከያ አስይዢልኝ" ማለት አሳፈረኝ። ስንት ሕመምተኛ ደጇ ላይ ተደፍቶ።

አጽናኝ መቼም አይጠፋም። በርበሬ የምገዛበት ሱቅ ያለው ሰውዬ "መሬት ላይ ለመተኛት ነው እንዴ እንዲህ የምትጨነቂው? ነይና ዳውንታውን ላሳይሽ፤ ስንቱ ቤት አልባ ያለ ሪዘርቬሽን ድንኳን ተክሏል!" አለኝ። ሳቅኩ። በመሳቄ ደግሞ እስከ ማታ አፈርኩ።

ሰኔ ላይ አንድ የተባረከ ሰው ካንስል አደረገ። ያየችው ልጄ ናት፤ ጩኸቷ ጎረቤት አስደነገጠ። ሁለት ሌሊት፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ እስከ ስድስት ሰው የሚፈቀድበት ቦታ። ወዲያው ቡክ አደረገችው።

ቀኑ ፍልሰታ ላይ ዋለ። በፍልሰታ ቅዳሴ ማስታጎል ስለማልወድ እሑድ የነፍስ አባቴን ፈቃድ ጠየቅኩ። "ዳዊትሽን ይዘሽ ሂጂ። ዱር የገቡት ቅዱሳን ሌላ ምን ይዘው ገቡ?" አሉኝ። ደስ አለኝ። እኔ ደግሞ ደስ ሲለኝ አፌ አያርፍም። "አባታችን፣ እርስዎም መጥተው ቢባርኩን" አልኩ። አጠገባቸው የማኅበራችን ታላቅ እትዬ ቆመዋል፤ እሳቸውን እንዴት ልዝለል? "እርስዎም እትዬ፣ ከጋሼ ጋር" ብዬ ጨመርኩ።

ይህ እንግዲህ የአፍ ግብዣ ነው። ጠሪ ይጠራል፤ ተጠሪ "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በሰላም ግቡ" ይላል፤ ሁለቱም ተከብረው ይለያያሉ። በዚህ ትራፊክ "ቫን ናይስ ድረስ መጥታችሁ እራት እንብላ" እየተባባልን በፍቅር የኖርነው ማንም እንደማይመጣ ስለምናውቅ ነው። እትዬ ግን "ቀኑ መቼ ነው?" አሉ። አባታችንም "እንግዲህ እሺ" አሉ። ለካ ቦታ እንደማይገኝ ከተማው ሁሉ ሰምቶ ኖሯል፤ ተገኘ ሲባል ወጉ ተረሳ።

ልጄ ስነግራት አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "ኦኬ። ሶ፣ ቸርች ነው የምንሄደው" አለችና የክፍሏን በር ዘጋች። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ምሥራቅ ጠረፍ ያኔ የሄደች መሰለኝ።

ይሉኝታ ይዞኝ ስንት ቀን ስልኩን አንስቼ መለስኩ። በመጨረሻ ሕጉ ያድነኛል ብዬ እትዬ ጋ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ምን ላድርግ፣ ከስድስት ሰው በላይ አይፈቀድም አሉ።"

"እሱማ አስነብቤዋለሁ" አሉ። ስልክ ለመክፈት የልጅ ልጃቸውን የሚጠሩት ሴትዮ! "እናንተ ሁለት፣ እኔና ጋሼሽ አራት፣ አባታችን አምስት፣ ጸሎት የሚያደርስልን ዲያቆን ስድስት። ልክክ አላለም? እግዜር ሲሠራ እንዲህ ነው።"

የተደበቅኩበት ሕግ በእሳቸው ልክ የተሰፋ ኖሯል። የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ ለታላቅ ሰው እንዴት እንደሚናገሩ ማንም አላስተማረኝም።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ ከእኔ ጋር ብቻ መሆን ነው የፈለገችው። ልትሄድብኝ ነው።"

ከኋላ ጋሼ "ድንኳኑ ዚፕ እንዳለው ጠይቂያት!" ሲሉ ይሰማኛል።

"ታዲያ ለምን ጠራሽን?"

"ለወጉ ነው፣ እትዬ።"

"ጎሽ! አሁን ገና ሲቲዝን ሆንሽ" አሉና ዘጉብኝ። ፍልሰታ እስኪፈታ ሰላምታቸው በአገጫቸው ብቻ ነበር።

ከዚያ አባታችን ጋ ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲጨርሱ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። "ተመስገን። ወገቤ ለድንኳን አይሆንም፤ እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው እንጂ" አሉኝ።

ሄድን። ድንኳኑን አጣምመን ተከልነው። ዛፎቹ እንደተባለው ትልልቅ ናቸው፤ ከዛፎቹ ይልቅ የበዛው ግን መኪና ነው። ከሰዓት በኋላ ግንድ ተደግፈን ቆሎ እየቆረጠምን ሳለ ልጄ "እትዬ ተቆጣች?" አለችኝ።

"ተቆጡ በይ።"

"ተቆጡ?"

"በጣም።"

ሳቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ ብርዱ፣ አብራት ስለምታድረው ስለማታውቃት ልጅ፣ ማንንም ባታገኝስ ብላ እንደምትፈራ አወራችኝ። እኔም ምክር አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። እያወራች ድምጿ ደከመ፤ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንድ መኪና ድንኳን ድንኳኑን እያየ ቀስ ብሎ ሲዞር ቆየ። ከኋላ ልጆች ታጭቀውበታል። እኛ ጋ ሲደርስ ሰውዬው መስኮቱን አወረደና በተስፋ "ልትወጡ ነው?" አለኝ። ትከሻዬ ደንዝዟል፣ ጉንዳን እግሬ ላይ ወጥቷል።

"ገና ነን" አልኩት፣ እንዳትነቃብኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።