የካሳነሽ ጤፍና የዓርብ ልጆች

ካሳነሽ ባሏ አየነው ከሞተ ወዲህ ፈጣሪዋን የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ መሬቷን ለሰው ሳትሰጥ እንድትሞት። ማሳዋ ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን ውኃ ከሚያጠጡበት ድልድይ ማዶ፣ ከቤቷ ደጃፍ ጀምሮ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ የተዘረጋች ጠባብ መሬት ናት። ዘመዶቿ፣ «ልጅ የለሽ፣ ጧሪ የለሽ፤ የእኩል ስጪና ምርቱን ተካፍለሽ ተቀምጠሽ ብይ» ሲሏት፣ «የእኩል የሰጠ ሰው በገዛ ደጁ እንግዳ ነው» ትልና ዝም ትላለች። ዝምታ ጠባይዋ ነበር። ሰው ሲያስከፋት እንኳ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ጠቅልላ መልሳ ትፈታዋለች እንጂ ድምፅ አታወጣም።

እርሻውን የባሏ ወንድም ይኸነው ያርስላት ነበር፤ ገለባው ለበሬዎቹ ይሆነዋል። አረሙና አጨዳው ግን በወንፈል ነበር። ዛሬ በአንዷ ማሳ፣ ነገ በሌላዋ፤ ለእኔ ያጎነበሰች እኔም አጎነብስላታለሁ ነው ነገሩ። የመንደሩን ሴቶች ወንፈል የምትጠራው ጎረቤቷ ያለምወርቅ ነበረች፤ ድምፀ ጎርናና፣ ቀልደኛ፣ ነገር ግን የገባችውንም የቀረችውንም የማትረሳ ሴት። ካሳነሽ ቀርታ አታውቅም። የምትሰለፈው ሁልጊዜ ከዳር ነበር፤ ዘፈኑንም የምትቀበለው ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ነው።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት ግን ቀኝ ጉልበቷ ያብጥ ጀመር።

የኮሌጁ ልጆች የመጡት ያን ክረምት ነው። በከተማው ካለ አንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ ነበሩ። እስከ ሐሙስ ክፍል ውስጥ ስለ ማኅበረሰብ ይማራሉ፣ ዓርብ ደግሞ ወጥተው ማኅበረሰቡን ያገለግላሉ፤ ለአገልግሎቱም ነጥብ ይያዝላቸዋል። መምህራቸው አሳምነው ቀበሌውን፣ «አቅመ ደካማ ምረጡልን» ቢል ካሳነሽ ተመረጠች። አቅመ ደካማ መባሏ አሳፈራት። ቢሆንም የሰው ልጅ ከደጇ አይመለስምና ገብታ ድንች ጣደች።

ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ከደጃፉ በተራ ደረደሩ። ከሁሉ ዳር የነበረው ቢጫ የላስቲክ ጫማ የአንዲት ሜላት የምትባል የእንጅባራ ልጅ ነበር። ጭቃው እግሯን በያዛት ቁጥር የምትስቅ፣ እናቷን በልጅነቷ ያጣች ልጅ ናት። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጤፉ ውስጥ ገቡ።

ያለምወርቅ ከሴቶቿ ጋር ወደ ሌላ ማሳ ስታልፍ ቆም አለች።

«ካሳነሽ! ላንቺ እንግዲህ መንግሥት ነው ወንፈል የሚገባልሽ? እኛማ ምናችን ነን!»

«ልጆች ናቸው እኮ፤ ትምህርታቸው ነው።»

«አረም ትምህርት ከሆነ እኛስ ዲግሪያችን የታለ?»

ሴቶቹ እየሳቁ አለፉ። ካሳነሽም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ምሳ ሲቀርብ ድንቹን በሰናፍጭ እያጠቀሱ በሉ። ካሳነሽ ሲከነክናት የዋለውን ሜላትን ጠየቀቻት።

«እኔስ የናንተን በምን ልመልስ፣ ልጄ?»

«ምንም አይመልሱም እማማ። አገልግሎት ነው።»

«የማይመለስ ሥራ?»

«የማይመለስ።»

እንዲህ ያለ ሥራ ሰምታ አታውቅም። ጉልበቷን አሻሸችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደግሞ ጠየቀች።

«ለአጨዳውስ ትመጣላችሁ?»

«እንዴታ! ዓርብ ዓርብ እንመጣለን!» አለች ሜላት፣ ግንባሯ ላይ የነካትን ጭቃ በክንዷ እየጠረገች። መዋሸቷ አልነበረም። ጤፍ መቼ እንደሚታጨድ አታውቅም ነበር፤ ካሳነሽም ትምህርት መቼ እንደሚያልቅ አታውቅም።

ካሳነሽ ከዚያ ወዲያ ከወንፈሉ ቀረች። ወጣሁ አላለችም፤ ዝም ብላ ቀረች። የእኔን ልጆቹ ከሠሩልኝ ማንንም አላስቸግርም፣ ጉልበቴም ያርፍ ይሆናል ብላ ነው። መስከረም ላይ ያለምወርቅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ካሴ፣ ቦታሽን ለሙሉነሽ ሰጠሁት። ያልገባች አትጠራም፤ ታውቂያለሽ። ለአጨዳው ኋላ ቅር እንዳይልሽ።»

«ምንም አይደል» አለች ካሳነሽ። «ልጆቹ አሉኝ።»

የጥቅምት መጨረሻ ዓርብ ልጆቹ ሲመጡ አረም አልነበረም። አጥሯን አጠበቁላት፤ መምህሩ መሐላቸው አስቁሞ ፎቶ አነሳት፤ ሳሙናና ስኳር ሰጧት። ሜላት ዝቅ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት፤ የሳመችው የሚያማትን ነበር።

«በሉ እንግዲህ፣ ዓርብ በሰላም ያገናኘን» አለች ካሳነሽ።

ልጆቹ ተያዩ። መምህር አሳምነው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ኮርሱ ዛሬ አለቀ። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ከእርስዎ ብዙ ተምረናል።»

ካሳነሽ የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። «ጤፉስ?» ማለት ፈልጋ ነበር። ይህን ያህል ከሠሩልኝ በኋላ እንደገና መለመን ነውር ነው ብላ ተወችው። ጋሪው ሲንቀሳቀስ ሜላት ዞር ብላ ማሳውን አየች። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበር። ያን ጊዜ ፊቷ ሲለወጥ ካሳነሽ አየቻት።

ኅዳር ገባ፣ የሁሉም ጤፍ አንድ ላይ ደረሰ። ወንፈሉ ከማሳ ማሳ ሲዘዋወር ዘፈኑ በየጧቱ ይሰማታል። አንድ ቀን ነጠላዋን አደግድጋ ያለምወርቅ ዘንድ ሄደች።

«ያለምዬ፣ አንድ ቀን ብቻ።»

«እኔ ብቻዬን ብሆን ነገ እመጣልሽ ነበር፣ ካሴ። ሴቶቹን ግን ምን ብዬ ላዝዛቸው? በክረምት አልገባሽላቸውም። ተራው ይለቅና በመጨረሻ እንገባልሻለን።»

እውነት ነበር። ይኸነውም፣ «የራሴም ጤፍ ገና አልታጨደም፤ የእኩል ሰጥተሽኝ ቢሆን ኖሮ ሰው አስገብቼ በጨረስኩት» አላት። ስለዚህ ብቻዋን ጀመረች። ማጎንበስ ስላልቻለች የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፋ፣ ተቀምጣ፣ እየተንፏቀቀች አጨደች። ከደጃፉ እስከ ማሳው እኩሌታ እንኳ ሳትደርስ ሰማዩ ያለ ወራቱ ይጠቁር ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ሜላት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ማጭድ ይዛለች።

«እማማ፣ ቶሎ ልጀምር። የሥራ ልምምድ ላይ ነኝ፤ ከእሑድ በቀር ቀን የለኝም።»

ካሳነሽ ማጭዱን አየችው። አዲስ ነው፤ ስለቱ ላይ የገበያው ዘይት አለ።

«ሰንበት ነው፣ ልጄ።»

«ሰማዩን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ።»

«እኔ ልጨድ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን።»

«ማሳው የኔ ነው» አለች ካሳነሽ በቀስታ። «ሰንበት የሻርኩት እኔው ነኝ የምሆነው። ሰኞስ ብትመጪ?»

«ሰኞ አልችልም።»

ድንችና ሰናፍጭ አቀረበችላት። ወሰኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የደረሰውን ጤፍ ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ሲያደርገው እያዩ በሉ። ሜላት መጉረሷን አቁማ አለቀሰች።

«ለነጥቡ ነው የመጣሽው?» አለቻት ካሳነሽ።

«ነጥቡማ ድሮ ተሰጠን።»

«እንኪያ ለኔ ነዋ» አለችና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችላት።

ልጅቱ ጋሪ ተሳፍራ ከሄደች በኋላ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ካሳነሽ በሩን ዘጋች። ማየቱ ምን ያደርግልኛል አለች።

ወንፈሉ ሐሙስ ገባላት። ያለምወርቅ ቃሏን አላጠፈችም፣ ግን ያን ቀን አልቀለደችም፤ ዘፈንም አልነበረም። ሴቶቹ የተኛውን ጤፍ ከጭቃው እየላቀቁ፣ የጠቆረውን ከደህናው እየለዩ ነዶ አሰሩ። ፍሬው አብዛኛው ረግፎ ነበር፤ ሲወቃ ለዘር እንኳ የሚሆን አልወጣውም። ካሳነሽ ውኃ እያቀረበች መሐላቸው ተመላለሰች። የማንንም ፊት አላየችም።

በሚያዝያ ይኸነው ስለ መሬቱ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ካሳነሽ ነጠላዋን ጠቅልላ ፈታችና፣ «ይሁን፤ የእኩል ያዘው» አለችው።

በዓመቱ ሐምሌ መምህር አሳምነው ሌሎች ልጆች ይዞ መጣ። ሜላት የለችበትም፤ ሥራ ይዛ ወደ ጥሊሊ መሄዷን ከእሱ ሰማች። ካሳነሽ፣ «ማሳው የይኸነው ነው፤ እሱን ጠይቁት» አለቻቸው። እነሱም የቤቷን ግድግዳ በጭቃ ሊመርጉላት ጫማቸውን ከደጃፉ ደረደሩ። እሷም ድንች ጣደች። መቼ እንደሚጨርሱ ግን አስቀድማ ጠየቀቻቸው።

ከቀትር በኋላ፣ ከማሳው ውስጥ የይኸነው የአረም ወንፈል ዘፈን ሲያርፍ፣ ይኸነው ራሱ ጮክ ብሎ ተጣራ።

«ካሳነሽ! ነይ፣ አብረሽን እህል ቅመሽ!»

ነጠላዋን አስተካክላ ለብሳ፣ ሰው ቤት እንደተጠራች ሁሉ፣ ከወሰኑ ላይ ቆማ «እንደምን ዋላችሁ» አለች። ግቢ እስኪሏትም ጠበቀች።