ሁለቱን ጭቃ የምታሸው ሴት

አርባ ዓመት ከእንጨት ፈረስ ጠርቤያለሁ። የኔ ፈረስ ሳር ይለምናል ይሉ ነበር፤ የጉልበቱን አጠራረብማ ተዉት። አሁን በሥራ ቤታችን ሰዉ የሚከበው መስኮቱ ጋ ተቀምጣ የተሰበረ ዕቃ የምትጠግነውን ሴት ነው። የወንድ ኮት ለብሳ፣ ቀለበቷን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሁለት ዓይነት የመጠገኛ ጭቃ እኩል እኩል ቆርሳ አንድ መልክ እስኪሆን ታሻለች። ሲደርቅ ድንጋይ ነው።

ቅናት አይደለም፣ ጉድለቷን ልይ ብዬ እግሩ የተሰበረ ፈረሴን ሰጠኋት።

«ማን አስተማረሽ?»

«ዕቃ የሚሰበርበት ቤት ነው የኖርኩት፣ አባባ» አለች፣ ቀና ሳትል።

በማግስቱ ጠግና፣ ቀለም ቀብታ መለሰችልኝ። ይኸው ሦስት ቀኔ፣ መነጽሬን አድርጌ ስብራቱን እፈልጋለሁ። የትኛው እግር እንደነበረ ራሱ ጠፍቶኛል።