ለሻደይ ደሃና የሄድን ጊዜ

ዝናብ የጠገበ ሣር ሲታጨድ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ሆዴን ያባባዋል። አሁን በምኖርበት ከተማ ክረምት ላይ ዘበኛው የግቢውን ሣር ማጨድ ሲጀምር መስኮቴን እዘጋለሁ።

ሰቆጣ የተመደብኩት ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ በመምህርነት ነበር። ከጎጃም ስለመጣሁ እዚያ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። ከተከራየሁት ክፍል አጠገብ ግን ምግብ ቤት የምትሠራ አንዲት እኩያዬ ትኖር ነበር። ሳቂታ ናት፤ ሳንውል ሳናድር ጓደኛሞች ሆንን። ነሐሴ ላይ አገሬ ልገባ ዕቃዬን ስሸክፍ፣ «ተራራችንን ሳታዪማ አትሄጂም! ሻደይንም ከእኛ ጋር ትጫወቻለሽ» ብላ ደሃና፣ ወላጆቿ ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

መኪናው ካወረደን በኋላ ግማሽ ቀን በእግር ተጓዝን። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ ገለጥ ሲል የገብሱ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ከታች የወንዝ ድምፅ ይሰማል። እኔ በየዳገቱ እቀመጣለሁ፤ እሷ ሻንጣዬን ተሸክማ ትስቅብኛለች።

እናቷ የሚናገሩት ኽምጣና ነው፤ አማርኛው ብዙም አይሆንላቸውም። እንደደረስን የገብስ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ነገር ነገሩኝ።

«ምን አሉኝ?» አልኳት ጓደኛዬን።

«ብዪ ነው የምትልሽ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

በማግስቱ የሻደይ ሣር ወገባችን ላይ ታስሮልን፣ ከበሮ እየተመታ ከቤት ቤት ዞርን። የሣሩ እርጥበት ቀሚሴን አልፎ ይቀዘቅዘኛል። ዘፈኑን ስለማላውቀው ጭብጨባውን ብቻ ተከተልኩ። እሷ መሐል ገብታ ስትጨፍር አባቷ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ሌላ ሰው የሌለ ይመስል እሷን ብቻ ያዩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ በላይ ያለው ተራራ ላይ ወጣን። ጫፉ ላይ እንደተቀመጥን፣ «በመስከረም ዓረብ አገር ልሄድ ነው» አለችኝ። «በጅቡቲ በኩል፣ በእግር። ለእናቴ እንዳትነግሪብኝ።»

እጄን ይዛ አልለቅ ስትለኝ፣ «እሺ» አልኳት።

«ትናንት ብዪ አላለችሽም» አለች። «ልጄ እህት የላትም፤ አንቺ እህት ሁኛት፤ የትም እንዳትሄድብኝ አደራ ነው ያለችሽ።»

አልተቆጣኋትም፤ አትሂጂ ብዬም አልለመንኳትም። ልጅ ነበርኩ፤ ጓደኝነት ማለት ምስጢር መጠበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ላይ ስመለስ ክፍሏ ተቆልፎ አገኘሁት። አንድ ጊዜ፣ «ባሕሩ ዳር ደርሰናል» ብላ ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም።

በዓመቱ እናቷን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እኔን ፍለጋ ነው የመጡት። ከስተዋል። ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ስትሄድ... ነግራሽ ነበር?» አሉኝ።

«አልነገረችኝም፣ እማማ።»

ጉንጬን በመዳፋቸው ዳሰሱኝ። «አውቃለሁ» አሉ። «ብትነግርሽማ ትነግሪኝ ነበር።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ወረዱ።